ካርቡራቶሩን ተወውና ሰርባቶዮውን እይ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደቡብ ጎንደር ውስጥ በግብርና ባለሙያነት ነው የምሠራው። ቦክሰር 150 እየነዳሁ ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በኩል ባሉ ቀበሌዎች እመላለሳለሁ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልሰጠው ቆሞ ሲሠራ፣ ምንም አይለውም። ከተማ ውስጥም ደህና ይሄዳል። ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጠው ግን ይቆራርጣል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል። ትንሽ ቆይቼ ስመታው ይነሳል። መካኒኩ ካርቡራቶሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) ደጋግሞ አጠበው፤ ለጥቂት ቀን ይሻለውና ይመለስበታል። አሁን አዲስ ካርቡራቶር ግዛ ብሎኛል። ማደያ ሰልፉ ስለማያልቅ ብዙ ጊዜ የምቀዳው መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ነው። ካርቡራቶሩን ልግዛ? ባልደረባዬ ደግሞ ኢንጀክሽን (በካርቡራቶር ፈንታ ነዳጁን በግፊት የሚረጭ) ያለው ሞተር ሊገዛ ነው፤ ለእኛ አገር ነዳጅ ይሆናል?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ካርቡራቶር አትግዛ። ቢያንስ አሁን አትግዛ። የጻፍከው ምልክት ከሞላ ጎደል ራሱ ይናገራል፤ ሰርባቶዮህ (የቤንዚን ታንክህ) ውስጥ ውሃ አለ፣ ምናልባትም ከዝገትና ከአሸዋ ጋር። ካርቡራቶሩ ሲታጠብ የሚሻለው በእርግጥም ስለሚጸዳ ነው። የሚመለስበት ደግሞ ከላይ ያለው ቆሻሻ እንደገና ስለሚወርድበት ነው። አዲስ ብትገዛም ያው ነው። በሳምንቱ እሱም ይሞላል፣ አንተም ሌላ ገንዘብ ታወጣለህ።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳህ። ቤንዚን ከውሃ ይቀላል። አንድ ሊትር ቤንዚን 740 ግራም አካባቢ ሲመዝን አንድ ሊትር ውሃ 1,000 ግራም ነው። ስለዚህ ውሃው ሁልጊዜ ታች ይተኛል፤ ሰርባቶዮ ውስጥም፣ ካርቡራቶር ውስጥም። በካርቡራቶሩ ግርጌ ቤንዚን የሚጠራቀምባት ኩባያ አለች። ነዳጅ ስትሰጠው ቤንዚን የሚመጠጥበት ትልቁ ጄት፣ ማለትም ቀዳዳ ያለው የናስ ብሎን፣ ወደ ኩባያዋ ወለል ተጠግቶ ነው የተቀመጠው። ለሚኒሞ የሚሠራው ትንሹ ጄት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሱ ከፍ ይላል። ኩባያዋ ውስጥ ትንሽ ውሃ ሲገባ ሚኒሞው ምንም አይለውም፤ ነዳጅ ስትሰጠው ግን ትልቁ ጄት ውሃውን ይስባል። ውሃ ደግሞ አይነድም። ይቆራርጥና ይጠፋል።

ዳገቱም የራሱን ይጨምራል። የብዙ ሞተሮች ሩቢኔቶ (የቤንዚኑ መክፈቻና መዝጊያ) የተገጠመው ከሰርባቶዮው የኋለኛው ጫፍ ነው። ዳገት ስትወጣ ሞተሩ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል ታች የተኛው ውሃ ወደ ሩቢኔቶው ይመጣል፤ ልክ በዚያ ሰዓት ደግሞ አንተ ብዙ ነዳጅ ትጠይቀዋለህ። ቆም ብለህ ስትመታው የሚነሳው ውሃው ረግቶ ስለሚቀመጥ ነው። አልዳነም።

ከጉና በኩል ስለሆንክ አንድ ነገር ላንሳ፤ ከፍታውን ከዚህ ጋር እንዳታምታታው። ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። 3,000 ሜትር ላይ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው ጉልበት የለም ማለት ነው። ይህ ግን ሞተሩን ያደክመዋል እንጂ አይቆራርጠውም፣ አያጠፋውምም። ደክሞት ማርሽ አስቀንሶህ ከወጣ ከፍታ ነው። አንዴ ደህና፣ አንዴ ጥፍት ካለ ነዳጅ ነው።

ከነዳጅ ውጭ አንድ ተመሳሳይ ምልክት የሚያሳይ ነገር አለ፤ እሱን መጀመሪያ አስወግድ። የሰርባቶዮ ክዳን መተንፈሻ አለው። ቤንዚኑ ሲቀንስ በምትኩ አየር የሚገባበት ነው። አቧራና ጭቃ ሲደፍነው ሰርባቶዮው ውስጥ ባዶ ግፊት ይፈጠራል፣ ቤንዚኑ መውረድ ያቅተዋል። ለማወቅ ቀላል ነው። ሞተሩ በጠፋብህ ቅጽበት ክዳኑን ክፈተው። «ሽሽሽ» ብሎ አየር ከሳበና ወዲያው ከተነሳልህ መተንፈሻውን አጽዳ፣ ከዚህ በታች ያለውን ብዙውን ነገር አትፈልገውም። ካልሆነ እንቀጥል።

አሁን ውሃ መኖሩን በዓይንህ አረጋግጥ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ በአካባቢው ሲጋራም ከሰልም አይኑር። ሩቢኔቶውን ዝጋ። ከካርቡራቶሩ ግርጌ የማፍሰሻ ብሎን አለ፤ ካቻቢቴ ይበቃዋል። ደረቅ ንጹህ ብርጭቆ ከሥሩ ያዝና ኩባያዋ ውስጥ ያለውን ሁሉ አውርደው። ብሎኑን መልሰህ እሰር። ቀጥሎ ከሩቢኔቶ ወደ ካርቡራቶር የሚሄደውን ጎማ ንቀልና ሩቢኔቶውን ሪዘርቭ ላይ አድርገህ ሌላ ብርጭቆ ቅዳ። ሪዘርቭ ያልኩህ በምክንያት ነው። ዋናው መስመር የሚቀዳው ከወለሉ ከፍ ካለች ቱቦ ነው፤ ሪዘርቩ ግን ከወለሉ አጠገብ ይቀዳል። ቆሻሻው የሚገኘው እዚያ ነው። ሪዘርቭ ላይ ሲገባ ሁልጊዜ የሚረብሽ ሞተር ካየህ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ብርጭቆዎቹን ሳትነካካ ትንሽ ተዋቸው። ውሃ ካለ ታች ድብልብል ብሎ ወይም በግልጽ መስመር ተለይቶ ይታይሃል። ዝገት ካለ ቡናማ ደለል ይሆናል። አሸዋ ደግሞ በጣትህ ስታሸው ይቆረቁርሃል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ሙሉ በሙሉ ውሃ ከሆነ መስመር የሚባል ነገር የለም! ጥርት ያለ ነገር አይቶ «ንጹህ ቤንዚን ነው» ብሎ የሚመልሰው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ አንድ ሁለት ጠብታ ቀይ ሻይ ጣልበት። ቤንዚን ከሆነ ሻዩ ሳይቀላቀል ጠብታ እንደሆነ ታች ይወርዳል። ውሃ ከሆነ ወዲያው ይቀላቀልና ያቀልመዋል።

ውሃው ከየት መጣ? በሃይላንድ የሚሸጡትን ልጆች ወዲያው ሌባ አንበላቸው። አንዳንዱ ያደርገዋል፣ አልክድም። ግን የውሃ ጠርሙስ ሳይደርቅ ቤንዚን ከተሞላበት ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ጠብታ ለአንተ ካርቡራቶር በቂ ነው፤ ኩባያዋ የምትይዘው በሾርባ ማንኪያ የሚቆጠር ነዳጅ ስለሆነ ትንሽ ውሃ ብቻ ይበቃታል። ጀሪካኑ ዝናብ ላይ አድሮ ሊሆን ይችላል። ትናንት ናፍጣ የተጫነበትም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ምንጭ ደግሞ አንተው ነህ። ላቫጆ ወስደህ በኃይለኛ ውሃ ክዳኑ ላይ ስታስረጭበት የክዳኑ ላስቲክ ካረጀ ውሃው ዘው ይላል። የብዙ ሞተሮች ክዳን ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ የዝናብ ውሃ እዚያ ይቋጥራል፤ ውሃው የሚወርድበት ትንሽ ቀዳዳና ቀጭን ቱቦ አለ፣ በጭቃ ሲደፈን ግን ውሃው ክዳኑ ሥር ተኝቶ እስክትከፍተው ይጠብቃል። ክረምት ላይ ከመክፈትህ በፊት ክዳኑንና ዙሪያውን በጨርቅ ማድረቅ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኔ ጋራዥ የሚመጣው የሐምሌና የነሐሴ ብልሽት ግማሹ በዚህች ብቻ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ። ሌላው ምንጭ ጤዛ ነው። ደጋ ላይ ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ግማሽ ጎደሎ ሰርባቶዮ ውስጥ ያለው እርጥብ አየር ግድግዳው ላይ ውሃ ይሆናል። መጠኑ ትንሽ ነው፣ ሰዎች ከሚያወሩት ያነሰ ነው፤ ነገር ግን በየሌሊቱ ይመጣል፣ ብረቱንም ከውስጥ ያዝገዋል። ስለዚህ ማታ ስታቆመው ሰርባቶዮው ሞላ ያለ ቢሆን ይመረጣል።

ላምባና ናፍጣ ሌላ ጉዳይ ናቸው። እነሱ ከቤንዚን ጋር ሙሉ ለሙሉ ይዋሃዳሉ፤ ብርጭቆ ውስጥ ብታስቀምጠው ዓመት አይለዩም። ለነዚህ ወረቀት ተጠቀም። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣልና ነፋስ የማይበዛበት ቦታ አቆየው። ንጹህ ቤንዚን በደቂቃዎች ውስጥ ተኖ ይጠፋል፣ ወረቀቱ ላይ ይህ ነው የሚባል ምልክት አይተውም። ላምባ ወይም ናፍጣ ካለበት የቅባት ክብ ይቀራል፣ በብርሃን ስታየውም ያሳልፋል። ከጎኑ ከማደያ የቀዳኸውን ጠብታ ብታስቀምጥ ልዩነቱ የበለጠ ይገባሃል። እጅህ ላይ ስትቀባውም ቤንዚን ቆዳህን አቀዝቅዞና አድርቆ ይሄዳል፣ ላምባ ግን እያሟለጨ ይቆያል። ይህ የላቦራቶሪ ምርመራ አይደለም። በጣም ትንሽ ድብልቅ ያመልጥሃል። ሞተርህን የሚጎዳውን ያህል ከሆነ ግን ትይዘዋለህ።

ጉዳቱ ምንድን ነው ካልክ፣ ላምባ በቀላሉ አይተንም። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ለማስነሳት ትቸገራለህ። ካንዴላው (እሳት የሚሰጠው) በጥቀርሻ ይጠቁራል። ዳገት ላይ ኃይል ስትጠይቀው ከውስጥ ይንኳኳል፤ ይህ መንኳኳት ፒስተን ይበላል። ያልተቃጠለው ላምባ ደግሞ በሲሊንደሩ ግድግዳ በኩል ወርዶ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱ ቀጥኖ፣ መጠኑ ከፍ ብሎ፣ ነዳጅ ነዳጅ ከሸተተህ ዘይቱን ቀይር። ዛሬውኑ። በዘይት መቆጠብ ጥሩ የሚሆንበት ቦታ ይህ አይደለም።

በነገራችን ላይ ዘይት ነዳጅ የሚሸትበት ሌላም መንገድ አለ። ካርቡራቶሩ ውስጥ ተንሳፋፊው ከፍ ሲል ቤንዚኑን የምትዘጋ መርፌ አለች። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እሷ መቀመጫ ላይ ካረፈች መዝጋት ያቅታታል። ቤንዚኑ ሌሊቱን ሙሉ በትርፍ መፍሰሻ ቱቦው ይንጠባጠባል፣ ወይም ወደ ሲሊንደርና ወደ ዘይት ቋቱ ይወርዳል። ስለዚህ ስታቆም ሩቢኔቶ መዝጋት ልማድ ይሁንህ። ነጻ ነው፣ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

ማጽዳቱ ላይ እንምጣ። ለአንተ ሞተር ካርቡራቶር ብቻ አይበቃም። ሰርባቶዮው ይወርዳል፣ ቤንዚኑ ሙሉ በሙሉ ይፈሳል፣ ሩቢኔቶው ይፈታል። ከሩቢኔቶው ላይ ወደ ሰርባቶዮው ውስጥ የምትገባ ቀጭን ወንፊት አለች፤ ተቀድዳ ወይም ጠፍታ ታገኛት ይሆናል፤ ምክንያቱም ስትደፈን አውጥቶ የሚጥላት መካኒክ አይጠፋም። ቀይራት፣ ያለ እሷ አትግጠም። አንዳንድ ሩቢኔቶዎች ግርጌያቸው ላይ ተፈትታ የምትወጣ ደለል ማጠራቀሚያ አላቸው፤ ያንተ ካላት እሷንም እጠባት።

ሰርባቶዮው ውስጥ በባትሪ ብርሃን እይ። ዝገት ከሌለ በትንሽ ንጹህ ቤንዚን አጥቦ መድፋት ይበቃል። ዝገት ካለ አቼቶ ሙላበት። ነጩ አቼቶ ይሁን፣ አንድ ቀን ገደማ ይቆይ፤ ዝገቱ ከከበደ ጥቂት ንጹህ ብሎኖች ጨምረህ ነቅንቀው፣ ስትጨርስ ግን ቁጥራቸውን ቆጥረህ አውጣ! ከዚያ ድፋውና ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ እጠበው፤ የአቼቶው አሲድ እንዲሞት ነው። በንጹህ ውሃ አለቅልቅ። ቀጥሎ ያለው ማድረቁ ነው፣ ሰው የሚሰለቸውም እዚህ ነው። በኮምፕሬሰር አየር ንፋው፣ ፀሐይ ላይ አፉን ከፍተህ አስቀምጠው፣ እጥፋቶቹ ውስጥ ውሃ እንዳይቀር እያገላበጥክ። እንደደረቀ ወዲያው ትንሽ የሞተር ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ጨምረህ ግድግዳውን ሁሉ አስነካው። ራቁቱን የቀረ ብረት በሰዓታት ውስጥ ቡናማ ይሆናል። ዝገቱ በልቶት ወንፊት የሆነ ሰርባቶዮ ከሆነ ግን ብየዳ ላይ አትድከም። ቤንዚን ይዞ የነበረ ሰርባቶዮ ሲበየድ፣ ባዶ ቢመስልም በውስጡ በቀረው ትነት ሊፈነዳ ይችላል፤ በዚህ ሰው ሞቷል።

ካርቡራቶሩን መጨረሻ ላይ እጠበው፤ ከላይ ሁሉ ከጸዳ በኋላ። ጄቶቹን በሽቦና በመርፌ አትጎርጉር። ትንሹ ጄት ቀዳዳው ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ነው፣ ትንሽ ከቧጨርከው የነዳጁ ልክ ለዘለዓለም ይዛባል፤ አየር ንፋበት፣ ካልሆነ ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፈህ እንደገና ንፋ። የኩባያዋ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ ላስቲክ) ካበጠ ቀይረው።

አሁን ስለ ማጣሪያ። «ፊልትሮ ላስገባበት?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። አስገባ፣ ግን ምን እንደሚሠራልህ እወቅ። ፊልትሮ አሸዋና ዝገት ይይዛል። ውሃን አንዳንዴ ብቻ ነው የሚይዘው፤ የወረቀት ፊልትሮ ውሃ ሲበዛበት ራሱ አብጦ ይደፈናል። ላምባን ፈጽሞ አይይዝም። ገበያ ውስጥ ካሉት የሚሻልህ ውስጡ የሚታይ፣ ትንሽ፣ ለሞተር ሳይክል የተሠራው ነው። የመኪና ፊልትሮ የሚያስገቡ አሉ፤ ያንን አልመክርም። መኪና ላይ ቤንዚኑን የሚገፋው ፓምፕ ነው፣ ያንተ ሞተር ላይ ግን ቤንዚን የሚወርደው በራሱ ክብደት ብቻ ስለሆነ ጠባብ ፊልትሮ ውስጥ ማለፍ ያቅተዋል፣ መልሰህም ዳገት ላይ ትቆማለህ፤ ከዚያም ደግሞ ካርቡራቶሩ ይታማል። ፊልትሮው ላይ ያለችው ቀስት ወደ ካርቡራቶሩ ትይ። ጎማው ታጥፎ ወደ ላይ ወጣ እንዳይል፣ ትኩስ ሲሊንደር ላይ እንዳይደገፍ ተጠንቀቅ። ቡናማ ሲሆን ቀይረው፣ ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም።

ውሃን የሚከለክለው ግን ፊልትሮው አይደለም፣ አቀዳድህ ነው። ከሃይላንድ መቅዳት ግድ ከሆነብህ (ሰልፉን አውቀዋለሁ፣ «ከማደያ ብቻ ቅዳ» ብሎ መምከር ለአንተ ቀልድ ነው) ጠርሙሱን ከገዛህ በኋላ ቀጥ አድርገህ ጥላ ላይ አቁመው። ሻይ ጠጥተህ ተመለስ። ውሃና ደለል ካለ ታች ይረጋል። ከዚያ ሳትነቀንቅ ቀስ ብለህ ቅዳ፣ የመጨረሻዋን ሁለት ጣት የምታህል አትጨምራት። «ገንዘቤ ነው» ብለህ ጨልጠህ የምታራግፋት ያቺ ናት የምታቆምህ። እምቡቶህ ጥቅጥቅ ያለ የብረት ወንፊት ይኑረው። ጥጥና ሻሽ አትጠቀም፣ ክራቸው ራሱ ጄት ይደፍናል። ቤንዚን አሳልፎ ውሃ የሚያስቀር ልዩ ወንፊት ያለው እምቡቶ አለ፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ ከሽቶ ይልቅ እሱን ብታስመጣ ይሻልሃል። እሱም ቢሆን ላምባን አያስቀርም።

ከአንድ ሰው ግዛ። ደንበኛ ሁን። በየቀኑ የሚያይህ ልጅ ላንተ የባሰውን ጠርሙስ አያነሳም፣ ካነሳም የት እንደምታገኘው ታውቃለህ። አዲስ ሻጭ ጋ ግን ወረቀቷን አውጥተህ ፊቱ ጠብታ ጣል፤ ምርመራው ቀርቶ ነገሩን ማሳየትህ ብቻ ሌላ ጠርሙስ ያስመጣልሃል።

ማደያም ሲሆን ዓይንህን አትጨፍን። ቦቴ እያራገፈ ከሆነ ትንሽ ብትቆይ ወይም በሌላ ቀን ብትመጣ ጥሩ ነው፤ የሚወርደው ነዳጅ ከመሬት በታች ያለውን ጋን ታች የተኛውን ደለልና ውሃ ያነሳሳዋል። ከከባድ ጎርፍ ማግስትም እንዲሁ። ከማደያ ቀድተህ ወዲያው ሞተርህ ከጠፋ ቅድም ያልኩህን ብርጭቆ ቅዳ፣ ፎቶ አንሳ፣ ክፍያውንም አውጣ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ የሚከፈለው በስልክ ስለሆነ ቀኑና ሰዓቱ ያለበት መልእክት እጅህ ላይ አለ። ብርጭቆውንና መልእክቱን ይዘህ ስትመለስ አነጋገራቸው ይለወጣል። ያለ ማስረጃ ከሄድክ ግን ካርቡራቶርህን ነው የሚያሙት።

ስለ ኤታኖልም፣ ማለትም ስለ አልኮል፣ አንድ ሁለት ቃል። እዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ላይ ከስኳር ፋብሪካ የሚገኝ ኤታኖል በ5 በመቶ ቤንዚን ውስጥ መቀላቀል ተጀምሮ፣ በ2011 ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ትንሽ ውሃ ይሟሟበታል፣ ስለዚህ ብርጭቆ ውስጥ አይታይም። 10 በመቶ ያለበት በቀዝቃዛ አየር መያዝ የሚችለው ውሃ ከመቶ ግማሽ ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ኤታኖሉም ውሃውም አንድ ላይ ተለይተው ታች ይወርዳሉ፣ ሞተሩም አይነሳም። ይህን የማነሳው «ውሃውን እንዲያጠፋው ስፒሪት ጨምርበት» የሚል ምክር ሰምተህ ከሆነ ነው። ለጥቂት ጠብታ ይሠራል፤ አንተ ዘንድ ላለው መጠን ግን አይሠራም፣ ጎማና ጓርኒሲዮኑንም ሊጎዳብህ ይችላል። ማፍሰስ ይሻላል።

ሁለት የአደጋ ነገሮች ልናገርና ወደ ባልደረባህ ልሂድ። ቤንዚን በአፍህ ስበህ አታውርድ። አውቃለሁ፣ ሁሉም ያደርገዋል። የዋጥከው ሳይሆን የሚገድልህ ወደ ሳንባ የሚገባው ነው፤ ትንሿም ብትሆን ሳንባ ታቃጥላለች፣ ሳሉ ከጀመረ ደግሞ ወደ ሐኪም ቤት ነው እንጂ ወተት መጠጣትና ማስታወክ አይጠቅምም፣ ማስታወኩ እንዲያውም ያብሰዋል። የእጅ ፓምፕ ግዛ። ሁለተኛው፣ ትርፍ ቤንዚን ቤት ውስጥ አታሳድር። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ሄዶ ሌላ ክፍል ያለ ከሰል ምድጃ ድረስ ይደርሳል።

ካጸዳህ በኋላ በየሳምንቱ፣ ሰኞ ሥራ ከመሄድህ በፊት በለው፣ የካርቡራቶሩን ማፍሰሻ ብሎን ፈተህ ትንሽ ብርጭቆ ላይ አፍስስ። ጠብታ ውሃ ካየህ አቀዳድህ ገና አልተስተካከለም። ንጹህ ከሆነ ሂድ። ሪዘርቩንም አልፎ አልፎ ተጠቀምበት፤ ዓመት ሙሉ ካልነካኸው ቆሻሻ ሁሉ እዚያ ይከማችና በክፉ ቀን ይወርድብሃል። ሞተሩን ለሳምንታት የምታቆመው ከሆነ ደግሞ ሩቢኔቶውን ዘግተህ እስኪጠፋ ድረስ አስነሳው፤ ኩባያዋ ውስጥ የቀረ ቤንዚን ሲቆይ ሙጫ ሆኖ ትንሹን ጄት ይደፍነዋል።

ወደ ባልደረባህ። ኢንጀክሽን ጥሩ ነገር ነው። ጉና ላይም ባሕር ዳርም ነዳጁን ራሱ ይመጥናል፣ ቤንዚን ይቆጥባል፣ ጠዋት በቀላሉ ይነሳል። ነገር ግን ቆሻሻ ነዳጅ አይችልም። ፓምፑ ያለው ሰርባቶዮው ውስጥ ነው፣ ወደ 3 ባር በሚጠጋ ግፊት ይገፋል፣ የኢንጀክተሩ ቀዳዳዎች ከካርቡራቶር ጄት በጣም ያነሱ ናቸው። ውሃ ፓምፑንና ኢንጀክተሩን ያዝገዋል። የፓምፑ ፊልትሮ ሲደፈን ፓምፑ እየተጨነቀ ይሞቃል፣ ይቃጠላል። ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ቤንዚን ስለሆነም «ባዶ እስኪሆን ልንዳው» የሚባል ነገር አይሠራም፤ ሩብ ሲደርስ መሙላት አለበት። መንገድ ላይ ውሃ ቢገባበት የሚፈታ የማፍሰሻ ብሎን የለውም። ሰርባቶዮ ይወርዳል፣ ፓምፕ ይወጣል፣ ያንን የሚያውቅ ሰው ደግሞ በየቀበሌው የለም።

ስለዚህ ውሳኔው በሞተሩ ሳይሆን ባልደረባህ ከየት ነው የሚቀዳው በሚለው ነው። ከተማ እያደረ ከማደያ መሙላት የሚችል ከሆነ ኢንጀክሽኑን ይግዛ፣ አይቆጭም። እንዳንተ ከሃይላንድ የሚቀዳ ከሆነ ግን ካርቡራቶር ያለውን ይውሰድ። እሱ ቢቆም በአንድ ካቻቢቴ ዳገቱ ላይ አፍስሶት ይቀጥላል።